«ዴ» ነው ወይስ «ዲ»? የአንድ ግሪክኛ ቃል ጉዞ በየቋንቋው

በአማርኛ አንዱ «ዴሞክራሲ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ዲሞክራሲ»። አንዳንዱ ጸሐፊማ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ይጠቀማል። ለማረም የሞከረ ሰው ክርክር ይጠብቀዋል። ነገሩ የፊደል ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስከተለው ግን ያቺ አንዲት አናባቢ ወደ ጥንታዊት አቴንስ ወሰደችኝ፤ የቃሉ ጅራት ደግሞ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ዛግሬብና ወደ ባኩ። ቃሉን ከመዋስ ይልቅ መተርጎም የመረጡት ቋንቋዎች ዘንድ ስደርስ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። «እንዴት ይጻፍ?» መሆኑ ቀረና «ማን ነው ማንን የሚገዛው?» ሆነ።

ከአናባቢዋ እንጀምር።

«ዴሞስ» በግሪክኛ ሕዝብ ነው፤ «ክራቶስ» ደግሞ ኃይል። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ዴሞክራቲያ» ይሆናሉ። ከ«ደ» ቀጥላ የምትመጣውን አናባቢ ግሪኮች የሚጽፏት «ኤታ» በምትባል ፊደል ነው። በጥንት አቴናውያን አፍ ኤታ ረዘም ያለች «ኤ» ነበረች። በዚያ ዘመን ድምፅ መቅጃ የለ፤ ታዲያ እንዴት ታወቀ? ከማስረጃዎቹ አንዱ በግ ነው። የምሬን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረ ክራቲኖስ የሚባል የአስቂኝ ተውኔት ደራሲ የበግን ጩኸት «ቤ ቤ» ብሎ ጽፏል። «ኤ»ዋን የጻፋት በኤታ ነው። የዛሬ ግሪካዊ ያንኑ ጽሑፍ በዛሬ አነጋገሩ ቢያነበው «ቪ ቪ» ይላል። «ቪ ቪ» ብሎ የሚጮህ በግ ደግሞ የለም። የተለወጠው የሰው አፍ ነው፤ በጉ እንደነበረ አለ።

ለውጡ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ኤታ በጊዜ ብዛት ወደ «ኢ» ተንሸራተተች። ዛሬ ግሪኮች ቃሉን ሲጠሩት ወደ «ዲሞክራቲያ» ይቀርባል። ላቲን ግን ኤታን በራሱ «ኤ» ጽፎ አስቀራት። ቃሉን በላቲን በኩል ያገኙት ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛና ጀርመንኛ «ዴ» የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ «ዴሞክራሲ» የሚል ሰው ከጥንቱ አቴናዊ ጋር ይስማማል፤ «ዲሞክራሲ» የሚል ከዛሬው ጋር። ሁለቱም ዘመድ አላቸው።

እውነቱን ለመናገር ግን አማርኛ «ዲ»ን ከግሪክ ያመጣው አይመስለኝም። እንግሊዝኛ የቃሉን የመጀመሪያ ክፍል ሳይጫነው ስለሚያልፈው ለጆሯችን «ዲ» ሆኖ ይሰማል። «ዴሞክራሲ» ደግሞ የፈረንሳይኛው ግልባጭ ነው፤ ድምፅ በድምፅ ይገጥማል። እኔ «ዴ» እጽፋለሁ። «ዲ» የሚለውን ሰው ግን አላርምም። የማረም መብት ያለው በጉ ብቻ ነው።

የቃሉ ጅራት ከራሱ የበለጠ ወሬኛ ነው። በግሪክኛ መጨረሻው «ቲያ» ነው። ላቲን በኋለኛው ዘመኑ «ቲ» ከሌላ አናባቢ ፊት ስትመጣ «ትሲ» ተብላ መነበብ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ቃሉን የተቀበለ ሁሉ ጅራቱን ባገኘበት መልክ ያዘው። አንዱ «ቲ» አለ፣ ሌላው «ትሲ»፣ ሌላው «ሲ»። ስለዚህ ጅራቱን አይቶ ቃሉ በየትኛው በር እንደገባ መገመት ይቻላል። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ያስኬዳል።

ጣልያንኛ «ዴሞክራትሲያ» ይላል። የፖላንድ፣ የቼክ፣ የሀንጋሪና የሩማንያ ቋንቋዎችም «ትስ»ን ይዘዋል። ሩሲያኛ ግን «ቲ»ን አልለቀቀም፤ ስዊድንኛም እንዲሁ። ጀርመንኛ ይገርማል። አገርና ሕዝብ የሚለውን የላቲን ቃል «ናትሲዮን» ብሎ የሚያነብ ቋንቋ እዚህ ጋ ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ «ዴሞክራቲ» ይላል። ፈረንሳይኛ ሲጽፍ «ቲ»ን ይተዋታል፤ ሲያነብ «ሲ» ይላታል። እንግሊዝኛ ፊደሏንም ቀይሮ ተገላገለ።

ከሁሉ የምወደው የክሮኤሽያና የሰርቢያ ነገር ነው። የሁለቱ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ዛግሬብ የሚታተም ጋዜጣ «ዴሞክራትሲያ» ሲል፣ ቤልግሬድ የሚታተመው ግን «ዴሞክራቲያ» ይላል። ክሮኤሽያ ለዘመናት በካቶሊክና በላቲን ዓለም ውስጥ ኖራለች፤ ሰርቢያ በኦርቶዶክስና በባይዛንታይን ጥላ ሥር። ሰውየው ስለ ምርጫ ሲያወራ ቅድመ አያቱ የትኛውን ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ እንደነበር አብሮ ይሰማል። ነገሩ እንዲህ አምሮ እንዳይቀር ደግሞ ቡልጋሪያ አለች። ኦርቶዶክስ ናት፤ ቃሏ ግን «ዴሞክራትሲያ» ነው።

ቱርክኛና አዘርባጃንኛም እንደዚያው እህትማማቾች ናቸው። ኢስታንቡል ላይ «ዴሞክራሲ» ይባላል፤ ባኩ ላይ «ዴሞክራቲያ»። የኢስታንቡል ምሁራን አዲሱን የፖለቲካ ቋንቋ የተማሩት ከፈረንሳይ ነበር። ባኩ ግን መጀመሪያ በሩሲያ ነገሥታት፣ ኋላ በሶቪየት ኅብረት ሥር ኖራለች፤ ቃሉም ከሞስኮ መጣ። ፋርስኛ እንደ ቱርክኛ ከፈረንሳይ ወስዶ «ዴሞክራሲ» ይላል። ኢንዶኔዥያ በደች ቋንቋ በኩል አግኝታው እሷም «ዴሞክራሲ» ትላለች። ቴህራን ወይም ጃካርታ ያለ ሰው ይህን ቃል ሲጠራ፣ ከሌላው ንግግሩ አንድም ያልገባው አማርኛ ተናጋሪ እሷን ለይቶ ይሰማታል።

እግረ መንገዴን ስለ «ፖለቲካ» አንድ ነገር ልበል። እሱም ግሪክኛ ነው፤ «ፖሊስ» ከሚለው፣ ከተማና መንግሥት ከሚለው ቃል የወጣ። ከፈረንሳይ ወስደነው ቢሆን ኖሮ «ፖለቲክ» እንል ነበር። መጨረሻው የሚገጥመው ከጣልያንኛው «ፖሊቲካ» ጋር ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ይውላሉ። የመጡት ግን በአንድ መርከብ አይመስልም።

አማርኛ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከኋላው «ያዊ» ቀጥሎ «ዴሞክራሲያዊ» አለው። ከፊቱ የግእዝን አፍራሽ «ኢ» አምጥቶ «ኢዴሞክራሲያዊ» አለ። ከዚያ «ነት» ጨምሮ «ኢዴሞክራሲያዊነት»። ግንዱ የግሪክ፣ ቅርፊቱ የፈረንሳይ፣ ቅርንጫፉ የግእዝ ነው። ይህን ቃል አቴንስ ላይ ለአንድ ጥንታዊ ተናጋሪ ብናነብለት መሐሉን ብቻ ይለይ ነበር።

ዓረብኛ በሌላ መንገድ ሄደ። ቃሉን «ዲሙቅራጢያ» ይለዋል። «ቅ»ንና «ጥ»ን ልብ በሉ። ግሪኮቹ እንደዚህ ጠበቅ አድርገው አይናገሩም። የዓረብ ተርጓሚዎች ግን ከጥንት ጀምሮ የግሪክን «ክ» በ«ቅ»፣ «ት»ን በ«ጥ» መጻፍ ለምደዋል። ሶቅራጥስ «ሱቅራጥ» ሆነ፤ አርስቶትል «አሪስጡ»። አዲሱ ቃል ሲመጣ ያንኑ የድሮ ልብስ አለበሱት።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የግእዝ ተርጓሚዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በግሪክኛ «ማርኮስ» የነበረው በእኛ ዘንድ ማርቆስ ነው። «ሉካስ» ሉቃስ ሆነ፣ «ፔትሮስ» ጴጥሮስ፣ «ቲሞቴዎስ» ጢሞቴዎስ። ስለዚህ ቃሉ በፈረንሳይና በእንግሊዝ በኩል ዘግይቶ ከመምጣቱ በፊት፣ ጥንት ከግሪክ በቀጥታ ወደ ግእዝ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ «ዴሞቅራጥያ» የሚመስል ነገር እንጽፍ ነበር። አፌን ሞልቼ ስናገረው ደስ ይለኛል። የሆነ የቅዱስ ስም ይመስላል።

ከዓረብኛ ደግሞ ቃሉ ወደ አፍሪካ ተሻግሯል። ሶማልኛ «ዲሙቅራዲያድ» ሲል «ቅ»ዋን ይዞ ነው። ሃውሳ «ዲሞኩራዲያ» ይላል። ናይጄሪያ በእንግሊዝ ተገዝታለች፤ ሃውሳ ግን ቃሉን ከገዢው አልወሰደም። የቆየ ጎረቤቱን ዓረብኛን ጠየቀ። ስዋሂሊ «ዴሞክራሲያ» ብሎ ከአውሮፓዎቹ ወገን ቆሟል።

እስካሁን ስለ ልብሱ ነው ያወራነው። አሁን ሰውየውን እንየው።

«ዴሞስ» ሕዝብ ነው ብዬ አለፍኩ። ነገሩ ከዚያ ትንሽ የተወሳሰበ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ዓመት ገደማ ክሊስቴንስ የሚባለው የአቴንስ መሪ አገሩን እንደገና ሲያደራጅ 139 ገደማ በሚሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ከፈላት። እነዚያም «ዴሞስ» ነበር የሚባሉት። ቀበሌ ብንላቸው ብዙ አንሳሳትም። ዜጋ የሚመዘገበው በዴሞሱ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ሕዝብም ነው፣ ቀበሌም ነው። ሦስተኛ ትርጉምም ነበረው፦ ተራው ሰው፣ ድሃው፣ ባለጸጋ ያልሆነው። በዚህ ሦስተኛ ትርጉም ላይ ነው ጠቡ ሁሉ የተነሳው። ወዳጆቹ «ዴሞክራቲያ» ሲሉ የሁሉም ዜጋ ሥልጣን ማለታቸው ነበር። ባላጋራዎቹ ያንኑ ቃል ሲሰሙ የድሃ መንጋ በጨዋው ላይ ሲጨፍር ይታያቸዋል። እንዲያውም ስሙን ያወጡለት ባላጋራዎቹ ናቸው የሚሉ ምሁራን አሉ። «ሁሉም ዜጋ» ሲባልም ሴቶች፣ ባሪያዎችና ከሌላ ከተማ መጥተው የሚኖሩ ሰዎች አይቆጠሩም ነበር።

«ክራቶስ»ም እንዲሁ የዋዛ ቃል አይደለም። በግሪኮች ተረት ክራቶስ ሰው የሚመስል ፍጡር ነው። እሳት ከአማልክት ሰርቆ ለሰው የሰጠውን ፕሮሜቴዎስን ከገደል ጋር ሲያሳስሩት፣ ክራቶስ ግፍ ከተባለችው እህቱ ጋር አብሮ ቆሞ ያዝዛል። የበላይነት፣ የጡንቻ አቅም፣ ያዝ የማድረግ ኃይል ማለት ነው። ሌሎቹ የመንግሥት ዓይነቶች ስማቸውን ያገኙት ለስለስ ካለ ቃል ነው። የአንድ ሰው አገዛዝ «ሞናርኪያ»፣ የጥቂቶች አገዛዝ «ኦሊጋርኪያ»። «አርኬ» መነሻም ነው፣ ሹመትም ነው። ታዲያ የሕዝቡ አገዛዝ ለምን «ዴማርኪያ» አልተባለም? አንዱ ምክንያት ቃሉ ተይዞ ነበር። «ዴማርኮስ» የቀበሌው ሹም ነበር፤ «ዴማርኪያ»ም የሱ ሥራ። ይኸው ቃል እስከ ዛሬ አለ፤ በግሪክ ከንቲባ «ዲማርሆስ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ለሕዝቡ የቀረለት ሹመት ሳይሆን ጡንቻ ነው።

ጡንቻው በኋላ ዘመን ልጆች ወልዷል። በ18ኛው መቶ ዓመት አንድ ፈረንሳዊ የኢኮኖሚ ሰው፣ ጉርኔ፣ ከ«ቢሮ» ጋር አጋባውና «ቢሮክራሲ» ወጣ። «ቢሮ» በፈረንሳይኛ መጻፊያ ጠረጴዛም ነው። የጠረጴዛ አገዛዝ ማለት ነው እንግዲህ። ማህተም ፍለጋ ከመስኮት ወደ መስኮት የተመላለሰ ሰው ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ሳያይ ያውቀዋል።

ቃሉ በረጅም ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነበር። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። አርስቶትል መንግሥታትን ደህናና ጠማማ ብሎ ሲከፍል ዴሞክራቲያን ያስቀመጣት ከጠማሞቹ ጋር ነው፤ ድሆች ለራሳቸው ጥቅም ብቻ የሚገዙበት ብሎ። በባይዛንታይን ዘመንማ ባሰበት። «ዴሞስ» የሠረገላ ውድድር ደጋፊ ቡድኖች መጠሪያ ሆነ፤ ሰማያዊዎቹና አረንጓዴዎቹ የሚባሉት። እ.ኤ.አ. በ532 ኮንስታንቲኖፕልን ያነደደው የኒካ ዓመፅ የእነሱ ሥራ ነበር። የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች «ዲሞክራቲያ» ሲሉ የመንገድ ረብሻ ማለታቸው ነው። የቃሉ አገር ቃሉን የስታዲየም ጠብ አደረገው።

ወደ ምዕራብ አውሮፓ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1260 ገደማ ነው። የሞርቤኩ ዊልያም የሚባል መነኩሴ አርስቶትልን ወደ ላቲን ሲተረጉም ለዚህ ቃል አቻ አልፈለገለትም፤ እንዳለ «ዴሞክራቲያ» ብሎ ተወው። ከመቶ ዓመት በኋላ ኒኮል ኦሬም ወደ ፈረንሳይኛ አገባው። ከእነሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ950 የሞተው ፈላስፋ አልፋራቢ ግን በዓረብኛ ሌላ ነገር ሞክሮ ነበር። ነፃነት የሞላባትን፣ ሁሉም የፈለገውን የሚያደርግባትን ከተማ «አልመዲና አልጀማዒያ» አላት፤ የጋራ ከተማ እንደ ማለት። ዊልያም ተዋሰ፤ አልፋራቢ ተረጎመ። ከዚያ ወዲህ ዓለም በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ተከፍላ ነው የምትሄደው።

ስድብነቱ ቶሎ አልለቀቀም። እ.ኤ.አ. በ1787 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ ጄምስ ማዲሰን፣ ዴሞክራሲ ሁከት የማያጣውና ዕድሜው አጭር ነው ብሎ ጽፏል። እሱ የሚፈልገው ሪፐብሊክ ነበር። በሕገ መንግሥቱ ውስጥም ዴሞክራሲ የሚለው ቃል አንዴም አልተጻፈም። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ነው ነገሩ መገልበጥ የጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ1794 ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ ሮቤስፒየር ቃሉን በኩራት ይናገረው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላማ የማይፈልገው ጠፋ። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ምሥራቅ ጀርመን በ1949 በስማቸው ላይ ለጠፉት። «ሕዝባዊ ዴሞክራሲ» የሚባልም መጣ። ሲተረጎም «ሕዝባዊ የሕዝብ ሥልጣን» ነው። ሁለት ጊዜ ሕዝብ ያለ መንግሥት አንዴ ካለው የተሻለ አልሆነም።

አሁን ወደ ተርጓሚዎቹ እንምጣ። የተዋሰ ቋንቋ አንድ ዕድል አለው፤ ቃሉን ሳይፈታ ይዞት መኖር ይችላል። «ዴሞክራሲ» ስንል ሕዝብ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ኃይል የተባለውም ምን እንደሆነ ለመናገር አንገደድም። የሚተረጉም ግን ወዲያው ይገደዳል።

ቻይናን እንይ። ቃሉ «ሚንዡ» ነው። «ሚን» ሕዝብ፣ «ዡ» ጌታ። ሕዝብ ጌታ የሆነበት፣ ያምራል። ችግሩ ሁለቱ ቃላት በጥንታዊ የቻይና መጻሕፍት ውስጥ አብረው ነበሩ። ያኔ ትርጉማቸው የሕዝቡ ጌታ ነው፤ ማለትም ንጉሡ። ሰማይ ለሕዝቡ «ሚንዡ» ፈለገለት የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊልያም ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ከቻይና ረዳቶቹ ጋር የዓለም አቀፍ ሕግ መጽሐፍ ሲተረጉም ይህን ጥንድ ቃል ለአዲሱ ሐሳብ ተጠቀመበት። ቃላቱ አልተነኩም። ጌታ የነበረው ወረደ፤ ተገዢ የነበረው ወጣ። አንዲት ፊደል ሳትቀየር አብዮት ተካሄደ።

ሁሉም ሰው ግን በዚህ አልረካም። እ.ኤ.አ. በ1919 ቼን ዱሹ የሚባለው ጸሐፊ ትርጉሙን ትቶ ድምፁን ወሰደ። ቃሉን በቻይንኛ «ደሞከላሺ» ብለው ይጽፉት ነበርና ከመጀመሪያው «ደ» ቆርጦ «ደ ሺየንሸንግ» አለው። አቶ ደ ማለት ነው። ጓደኛው አቶ ሳይ ነበር፤ ሳይንስ። በዚያው ዓመት በቤጂንግ አደባባይ የወጡት ተማሪዎች እነዚህን ሁለት እንግዶች በስም ያውቋቸው ነበር። ሐሳብን «አቶ» ብሎ መጥራት ደስ ይላል። እንግዳ ነውና አክብሮ መቀበልም፣ ከበር መመለስም ይቻላል።

ጃፓን ላይ ትርጉሙ አደገኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889ኙ ሕገ መንግሥት ሉዓላዊ ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ ነው። ሕዝብ ጌታ ነው የሚል ቃል መጻፍ በንጉሡ ላይ መነሳት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1916 ዮሺኖ ሳኩዞ የሚባል ምሁር በዘዴ ሄደ። ጌታ የሚል ያለበትን ትቶ ሥር የሚል ያለበትን መረጠና «ሚንፖንሹጊ» አለ፤ ሕዝብ ሥሩ ነው። ሥልጣኑ የማን ይሁን የሚለውን አልነካም፤ ለማን ጥቅም ይዋል የሚለውን ብቻ ያዘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ሚንሹሹጊ»፣ ጌታ ያለበት ቃል፣ ያለ ፍርሃት የተለመደ ሆነ። አንዲት ፊደል በሥርና በጌታ መካከል።

ኔፓል ውስጥ ደግሞ ቃሉን የቀየረው የመንገድ ተቃውሞ ነው። ከሕንድ ጋር የሚጋሯቸው የሳንስክሪት ቃላት አሉ፦ «ፕራጃታንትራ» እና «ሎክታንትራ»። «ታንትራ» ሥርዓት ነው። «ፕራጃ» ሕዝብ ነው፤ ግን ንጉሥ ያለው ሕዝብ፣ ተገዢ። «ሎክ» በቀጥታ ሰው፣ ዓለም፣ ሕዝብ ነው። ኔፓላውያን ለብዙ ዓመት «ፕራጃታንትራ» ሲሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በንጉሡ ላይ ሲነሱ ግን ቃሉ አላስቀመጣቸውም። የተገዢዎች ሥርዓት ብሎ ነፃነት መጠየቅ አስቸገረ። «ሎክታንትራ» የሚለው አሸነፈ፤ ንጉሡ ከሄደ በኋላም በአገሪቱ ስም ውስጥ ገባ።

የሰሜን አውሮፓዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ፊንላንድ «ዴሞክራቲያ»ም፣ የራሷ «ካንሳንቫልታ»ም አላት፤ የሕዝብ ሥልጣን ማለት ነው። አይስላንድ የውጭ ቃል ስለማትወድ ከራሷ ሁለት ቃላት ቀጥላ ሠራች። ያለ ብዙ ጣጣ አለፈላቸው።

አማርኛ ቢተረጉመውስ? ሞክሬዋለሁ። «የሕዝብ አገዛዝ» ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው የቻይና ችግር ከፊቴ ተደቀነ። «የእናት ፍቅር» ስንል እናት የምትወደው ነው ወይስ እናትን መውደድ? ሁለቱንም ይሆናል። «የሕዝብ አገዛዝ»ም ሕዝብ የሚገዛበት ሊሆን ይችላል፤ ሕዝብ የሚገዛበት ሌላ ነገርም። ያቺ «የ» ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ አትናገርም። ከዚያ በፊት ባለው ዓረፍተ ነገር «የሚገዛበት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ አንዱን አጥብቃችሁ ሌላውን አላልታችሁ ካላነበባችሁት ልዩነቱ አይታይም። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት አይጽፍም፤ ገዢውንና ተገዢውን የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ገዛ» ዕቃ መግዛትም ነው።

«የሕዝብ አስተዳደር» ብል ተይዟል፤ የትምህርት ክፍል ስም ነው። እንደ አቴንሱ «ዴማርኪያ» መሆኑ ነው። «ሕዝባዊ መንግሥት» የመፈክር ጠረን አለው። «ሕዝብ» የሚለው ራሱ ወደ ዓረብኛ ሲሻገር «ሒዝብ» ይሆናል፤ እዚያ ፓርቲ ማለት ነው። የሁሉም መሆን የፈለገው ቃል ድንበር ሲሻገር የወገን ሆኖ ይገኛል። ተውኩት። «ዴሞክራሲ» ይሻላል።

መዋስም ቢሆን ቃሉን እንደነበረ አያቆየውም። ሴኔጋል ውስጥ የወሎፍ ተናጋሪዎች ከፈረንሳይኛ ወስደው «ዴሞካራሲ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለዚሁ ቃል ያጠና አሜሪካዊ ምሁር ሰዎቹን ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቅ ምርጫና ፓርቲ ብቻ አላገኘም። መደጋገፍ፣ አለማዳላት፣ በአንድ ሐሳብ መቆም የሚሉ መልሶችም መጡ። ቃሉ ከፈረንሳይ መጣ፤ ሐሳቡ ግን ከሰፈሩ ተሞላ። ሰዎቹ ተሳስተዋል ለማለት የሚቸኩል ካለ አቴንስ ዛሬ ምን እንደምትል ይይ።

ምክንያቱም የግሪክኛው «ዲሞክራቲያ» ዛሬ ሁለት ሥራ ይሠራል። ዴሞክራሲም ነው፤ ሪፐብሊክም ነው። ልማዱ የቆየ ነው። በሮም ዘመን በግሪክኛ የጻፉ ታሪክ ጸሐፊዎች ከቄሣሮቹ በፊት የነበረውን የሮም ሪፐብሊክ «ዴሞክራቲያ» ይሉት ነበር። ወታደራዊው መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1974፣ ግሪኮች ንጉሡ ይመለስ ወይስ ይቅር ብለው ድምፅ ሰጡ። ለድምፅ የቀረቡት ሁለት ነገሮች «ንጉሥ ያለበት ዲሞክራቲያ» እና «ንጉሥ የሌለበት ዲሞክራቲያ» የሚባሉ ነበሩ። 69 በመቶው ንጉሥ የሌለበትን መረጠ። የአገሪቱ ሕጋዊ ስም ዛሬ «ኤሊኒኪ ዲሞክራቲያ» ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ስም ሲተረጉሙት «የግሪክ ሪፐብሊክ» ይሉታል። ሪፐብሊክ ደግሞ የሮማውያን ቃል ነው።